ከኢፍጣር በኋላ የመጡት

ዶክተር ጀላል የሚስቱን እህት ከፊት ወንበር አስቀምጦ ሚስቱን ከኋላ የጫነ ዕለት፣ በድሪያ አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው ገባት። ካናዳ ውስጥ፣ ከስካርቦሮ ቤታቸው እስከ ዌስተን ክሊኒካቸው በዚያ መኪና ስትመላለስ ቦታዋ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር፤ ከታጠቡት ጋዋኖች ጥቅልና ከእህቷ ከዛህራ የምሳ ዕቃ ጎን። ዛሬ ግን ጀላል ራሱ ዞሮ በሩን ከፈተና «በዱዬ፣ ነይ ፊት፤ እዚህ ይሞቃል» አላት። የወንበሩን ማሞቂያ እንኳን አበራላት። ዛህራ ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ኧረ ምን ጉድ ነው! ሁለቱ እህትማማቾች በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ታላቂቱ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰው ሲከበር ደስ ይለዋል እንጂ አይፈራም ትሉ ይሆናል፤ በድሪያ ግን ፈራች።

ሀይዌዩ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል። ጀላል ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራ፣ ስለ ክሊኒኩ ኪራይ አወራ፣ አከራዩ ግሪካዊ በየዓመቱ ሲጨምር አላህን እንደማይፈራ አወራ። ሁለቱም ሴቶች «እህም» አሉ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር፣ ዓይኑንም ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ስለ ወረቀትሽ ጠበቃውን ትናንት ኮል አድርጌው ነበር» አላት። «የቀረው የቀጣሪ ደብዳቤ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት እጽፍልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።» በድሪያ ይህችን ደብዳቤ የጠየቀችው በመኸር ነው። ያለሷ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ የሥራ ፈቃዷ በዚህ በጋ ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጅማ ነው። በጠየቀች ቁጥር «ቆይ፣ ሥራ በዝቶብኛል» ሲላት ከርሟል። «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችው። እሱም ዋናውን ነገር አመጣው። «ዛሬ የጤና ቢሮ ሰው ይመጣል። ምንም አይደለም፤ ሩቲን ነው። ስለዚያች ስለ አሮጌዋ ማሽን ከጠየቀሽ፣ ትሠራ እንደሆነ ላያት ብዬ ሞከርኳት በይው። ውሸት አይደለም እኮ፤ ሞክረሻታል።» ከኋላ ወንበር የዛህራ የእጅ ቦርሳ ዚፕ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

የአሮጌዋ ማሽን ነገር እንዲህ ነው። በረመዷን የመጨረሻ ሳምንት የጥርስ ክሊኒኩ መሣሪያ የሚቀቀልበት፣ በድሪያ የምትሠራበት ትልቁ ማሽን ተበላሽቶ ለጥገና ሄደ። ጀላል ሕግ ያውቃልና ክሊኒኩን ዘጋ፤ ኢንሹራንስ ያላቸውን ታካሚዎቹን ሁሉ ለሌላ ጊዜ አዛወራቸው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይነቅፈውም። ግን እሱ በየረመዷኑ ሌላ ልማድ አለው፤ ለዚህም ልማዱ በየመስጊዱ ስሙ ይጠራል። ቀን ጾመኛ አፉን ከፍቶ ውኃ አያስረጭም፤ ስለዚህ የሀገር ልጅ ከኢፍጣር በኋላ፣ ከተራዊህ ሶላት በፊት ባለችው ጊዜ ይመጣል። ኢንሹራንስ የሌለው፣ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት፣ ልጆቹ ስፖንሰር አድርገው ያመጡት ሽማግሌ ሁሉ ይመጣል። ጀላል አይከፈለውም፤ ስምም አይመዘግብም። ለአላህ ብሎ የሚያክመውን ሰው ስም መጻፍ ቆጥሮ እንደ መስጠት ነው ይላል። በዚያ ሳምንትም ሰዎቹ ቀድመው ተቀጥረው ነበር፤ ማሽን ተበላሽቷል ብሎ ሽማግሌ በር ላይ መመለስ ደግሞ ለጀላል ከሞት አይተናነስም። አሮጌዋን ትንሽ ማሽን ከዕቃ ክፍል አወጣት። ሰዉ «ዶክተር፣ ተራዊህ እንዳያመልጠን» ይላል፤ እሱም በድሪያን «ቶሎ አውጪው፣ ቶሎ» ይላታል፤ እሷም ታወጣለች።

በድሪያ ግን እጇ ስለለመደ ብቻ፣ በየሳምንቱ እንደምታደርገው የመፈተሻዋን ወረቀት ከመሣሪያዎቹ ጋር አሮጌዋ ማሽን ውስጥ ከታ ነበር። ወረቀቷ ላይ በቀላሉ የማይሞት ጀርም አለባት፤ ማሽኑ ደህና ከሆነ ይሞታል፤ ካልሆነ ላቦራቶሪ ሲደርስ ይበቅላል። በቀለ። ውጤቱ ከዒድ በኋላ ሲመጣ ሮጣ ለጀላል አሳየችው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ተዪው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አላት። እሷም አመነችው፤ ሰዎቹን በፊታቸውም በቤታቸውም የሚያውቃቸው እሱ ነው፤ አንድ በአንድ ደውሎ ደማችሁን ተመርመሩ ይላቸዋል ብላ ጠበቀች። ቀን ቀንን ተካ፤ ለማንም አልተደወለም። እሷን እንቅልፍ የነሳት ሁሉም ሰው አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በሃያ ሰባተኛው ሌሊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጨዋ ሰው፣ ወንበሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት በጆሮዋ «እህቴ፣ ጉበቴ ላይ ቫይረስ አለብኝ፤ ለዶክተሩ ንገሪልኝ» ብሏት ነበር። ነገረችው። ከሹፌሩ ቀጥሎ በዚያው ወንበር ላይ የወጣችው ዛህራ ናት፤ ለማፍጠር የጎረሰችው ተምር ፍሬው ጥርሷን ሰብሮባት። ከዛህራ ቀጥሎ ሐጂ ያዕቁብ የተባሉ ሽማግሌ ወጡ፤ የመንጋጋ ጥርሳቸው ተነቀለ። በድሪያ ከዚያ ወዲህ፣ በምትኖርበት በነጀላል ቤት ቤዝመንት ውስጥ ተኝታ ከላይ የእህቷን እርምጃ በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች። ያ ረቢ፣ እንዴት ብዬ ልንገራት ትላለች። ባልየው ዝም ያለውን ነገር እሷ ከየት ትጀምረው?

የጤና ቢሮው ሰው ረፋዱ ላይ መጣ። ሊዮ ይባላል፤ አጭር፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ሲናገር የሚያንሾካሹክ የሚመስል ሰው ነው። ዛህራ ከእንግዳ መቀበያው ተነስታ ሳምቡሳና ሻይ አቀረበችለት፤ ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አልፈልግም አለ። ውኃስ? ውኃም አልፈልግም። የቀረበለትን የማይቀምስ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ጫማውን በላስቲክ ሸፈነ፣ ጓንት አጠለቀ፣ ትንሽ ባትሪውን አበራና ሥራውን ጀመረ። መሳቢያ ይከፍታል፤ ያያል፤ ይዘጋል። የታሸጉትን መሣሪያዎች እያነሳ ወደ ብርሃን ይይዛቸዋል። የእጅ መታጠቢያውን ከፍቶ ውኃው እስኪሞቅ ይጠብቃል። አንድም ጊዜ «ይህ ጥፋት ነው» አላለም፤ አንድም ጊዜ «ይህ ጥሩ ነው» አላለም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጀላል ከኋላው እየተከተለ መጀመሪያ ብዙ አወራ፤ ስለ አዲሱ የኤክስሬይ ማሽን፣ ስለ ወለሉ። ቀስ በቀስ ወሬው እየቀነሰ ሄደና በመጨረሻ የሊዮ የላስቲክ ጫማ ኮሽታ ብቻ ቀረ።

ዕቃ ክፍሉ ጋ ሲደርሱ ሊዮ አሮጌዋን ማሽን ከተሸፈነችበት አንሶላ ሥር አገኛት። በሯን ከፈተ፤ ጣቱን በበሩ ዙሪያ እንፋሎት እንዳይወጣ በሚያግደው ጎማ ላይ አስኬደው። ጎማው እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊዮ ፍርፋሪውን ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ጀላልን ወደ ቢሮው ይዞት ገባና በሩን ገርበብ አደረጉት።

የመሣሪያ ማጠቢያው ክፍልና የጀላል ቢሮ የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። በድሪያ ጓንት እጇ ላይ እንዳለ ቆማ ሰማች፤ መስማት ሳትፈልግ ሰማች። ሊዮ «ክሊኒኩ በዚያ ሳምንት ዝግ ነበር ብለዋል። ታዲያ ላቦራቶሪው የላከልን የወደቀ ውጤት የምን ነው?» አለ። ጀላል በሚያምረው እንግሊዝኛው ሳቅ ብሎ መለሰ። «ረዳቴ ናት። የሚስቴ እህት ናት፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ነገር ይምታታባታል። ማሽኑን ብቻዋን ስትሞክር፣ እኔ እንኳን አላውቅም ነበር። ቋንቋውም ገና ነው፤ ብትጠይቋት ቀንና ቀን ልታደበላልቅ ትችላለች።» በድሪያ ጆሮዋን ጋላት። ቶሎ አውጪው፣ ቶሎ ሲላት የነበረው ሰው! እንግሊዝኛዋ ጥሩ እንደሆነ እሱ ራሱ ያውቃል፤ የታካሚዎቹን ስልክ ሁሉ እንድትመልስለት የሚሰጣት እሱ ነው። ተናደደች፤ ንዴቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ፍርሃት ሆነ። ከፊት ወንበር፣ ከደብዳቤው፣ ከ«በዱዬ» ጀርባ የነበረው ይኸው ነው። እውነቱን ብትናገር እንኳን ቀድሞ እብድ አድርጓታል።

በምሳ ሰዓት ሊዮ ወደ መኪናው ወጥቶ ብቻውን ሲበላ፣ ጀላል ቢሮው ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ፣ እህትማማቾቹ ትንሿ ምግብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማይክሮዌቩ ጮኸ። ዛህራ የምስር ወጡን ለሁለት ከፈለች፤ ለታናሿ አብዝታ። በድሪያ አላስቻላትም። «ዛህሪ፣ ያ ያንቺ ጥርስ...» አለች። ዛህራ «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት። «አይ፣ ስሚኝ፤ በዚያ ሌሊት ከአንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ...» «በድሪያ!» አለች ዛህራ። ስሟን እንዲህ ሙሉውን የምትጠራት እናታቸው ስትቆጣ ብቻ ነበር። «እኔ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የለኝም። አንቺም የለሽም። ዛሬ ይለፍ። ዛሬ ብቻ ይለፍ።» ከዚያ ሁለቱም ዳቦ ቆረሱ። በድሪያ እህቷን አየቻት፤ ጉንጮቿን፣ የዓይኖቿን ነጭ፣ ቢጫ ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ። ምስኪን፣ ምንም አታውቅም ብላ አዘነችላት። 

ከሰዓት በኋላ ሊዮ ተመልሶ ገባ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ሦስቱንም ፊቱ አቁሞ፣ ጥያቄውን አንድ ጊዜ በግልጽ ጠየቀ። «ልጽፈው ስለሆነ በደንብ ልስማው። በዚያ ሳምንት፣ ቀንም ይሁን ማታ፣ እዚህ ወንበር ላይ የታከመ ሰው አልነበረም?» ጀላል «አልነበረም» አለ። ዛህራ ራሷን ነቀነቀች። ሊዮ ወደ በድሪያ ዞረ። እሷም አፏን ከፈተች፤ ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አታውቅም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ።

ሐጂ ያዕቁብ ነበሩ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከክሬሰንት ታውን በባቡርና በአውቶቡስ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከጅማ የተላከ ማር በኮካ ጠርሙስ ይዘው። «አሰላሙ ዓለይኩም!» አሉ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ። ጀላል እንደ ድንጋይ ቆመ። ዛህራ ሮጣ «አባባ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን፤ ነገ ቢመጡ» አለቻቸው፤ እሳቸው ግን ሊዮን አይተው ደስ አላቸው። እንግዳ ባለበት ምርቃት ይበልጥ ያምራል። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓቸውን ጀመሩ። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ አቋርጦ የሚወጣ የሀገር ልጅ አልተወለደም። ጀላልም እጁን ዘረጋ፤ ምን ያድርግ?

«በዚያች በተከበረች በሃያ ሰባተኛዋ ሌሊት» አሉ ሐጂ፣ «ሌላው ሐኪም በሩን ዘግቶ ሳለ፣ በዚህ ቤት የሽማግሌን ሕመም የነቀልክ፣ አላህ ከክፉ ነገር ይንቀልህ!»

«አሚን» አለ ጀላል።

«ሳንቲም ሳትቀበል፣ ስም ሳትጠይቅ፣ ያን ሁሉ ሰው ተራ በተራ ያከምክ፣ አላህ ሥራህን ይግለጥልህ!»

ጀላል «አሚን» ሲል ድምፁ ሊወጣ አልቻለም። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሊዮ በአክብሮት እጁን አጣምሮ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ «ምን እያሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዛህራ ቀደመች። «እንኳን አደረሳችሁ ነው የሚሉት። የበዓል ሰላምታ ነው።» ሊዮ አመሰገናት። ዓይኑን ግን ከበድሪያ አላነሳም። «አንቺስ? ምን አሉ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ደብዳቤውን አሰበች። ቤዝመንቱን አሰበች፤ ጅማ ያለችው እናቷ ለጎረቤት ሁሉ «ትንሿም ካናዳ ሥራ ይዛለች» ስትል አሰበች። እኚህን ሽማግሌ አየቻቸው፤ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው፣ ጥርስ በጎደለው አፋቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፤ ምርቃታቸው ለፈረንጁም እንዲተረጎምለት ይፈልጋሉ። እሷስ ይህን ምርቃት ምን ብላ ታጥፈዋለች? አልቻለችም። በጠራ እንግሊዝኛ፣ «በረመዷን ሃያ ሰባተኛ ሌሊት፣ እዚህ፣ በዚያ ወንበር ላይ ዶክተሩ ጥርሳቸውን ነቅሎላቸዋል። ለዚያ ነው የሚመርቁት። ሌሎች ብዙ ሰዎችም ነበሩ» አለች። ሊዮ «መሣሪያው የተቀቀለው በየትኛው ማሽን ነው?» አለ። «በአሮጌዋ።» ጀላል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ አልካደም፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ሐጂ ያዕቁብ የክፍሉ አየር መለወጡን አወቁ። «ልጄ፣ ምን አልሽው? ዶክተራችንን አስቀየምኩት እንዴ?» አሏት። በድሪያ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች፤ እጃቸው ሞቃት ነበር። «አላስቀየሙም አባባ። በዚያ ሌሊት ጥርስዎ የተነቀለበት መሣሪያ በደንብ አልተቀቀለም ነበር። የሌላ ሰው በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ደምዎን መመርመር አለብዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ ቶሎ መናገር ነበረብኝ።» ሐጂ ቀስ ብለው በምላሳቸው ጥርሱ የነበረበትን ቦታ ዳሰሱ። «ይሄ ነገር የታወቀው መቼ ነው?» አሉ። ለማንም አልነበረም ጥያቄው፤ ለክፍሉ ሁሉ ነበር። 

ዛህራ ክፉ ሰው አይደለችም። የሽማግሌ ፊት እንዲያ ሲገረጣ ማየት አልቻለችም። በብርጭቆ ውኃ ይዛ መጣችና እግራቸው ሥር በርከክ አለች። «አይዞዎት አባባ፣ አይጨነቁ» አለቻቸው፤ እንባዋ እየመጣ። «እኔም እኮ በዚያው ሌሊት እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ውጤቱ እንደመጣ ጀላል ወስዶ አስመረመረኝ፤ ምንም አልተገኘብኝም። እርስዎም ምንም አይኖርብዎትም፣ ኢንሻአላህ።»

በድሪያ የያዘችው የሐጂ እጅ ሲቀዘቅዝ ተሰማት፤ ወይም የቀዘቀዘው የራሷ ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ያለቀሰችላት እህቷ ታውቅ ነበር። ተመርምራ፣ ነጻ ተብላ፣ ከላይ ተኝታ ነበር። ዛህራም ከአፏ የወጣውን አሁን ገና ሰማችው መሰለኝ፤ ብርጭቆውን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ሐጂ ያዕቁብ ውኃውን አልተቀበሏትም። «ውጤቱ እንደመጣ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ጀላል ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ የሸዋልን ጾም ቤታችሁ አስፈጥራችሁኝ የለም እንዴ? ከዒድ በኋላ? ሾርባውን ከባለቤቴ ጋር በአንድ ሳህን ጠጣን እኮ። ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?» አሉት። ጀላል ቀና አላለም። ሊዮ ቋንቋው አይገባውም፤ የጀላልን ዝምታ ግን ለማስተርጎም አልጠየቀም። የጻፈውን ሰርዞ እንደገና መጻፍ ጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ ሊዮ በድሪያን «የእነዚያን ሰዎች ስም ማግኘት እንችላለን?» አላት። አልተመዘገቡም አለችው። አብዛኞቹን በመልክ እንጂ በስም አታውቃቸውም። ሐጂ ምን አለ ብለው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። «እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ወረፋ ይዘን የተቀመጥን እዚህ ነው። ከዚህ ወጥተንም በአንድ ሰልፍ ሰግደናል።» ከካፖርታቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ፤ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ዛህራ «አባባ፣ እባክዎ፣ ከዚህ ሆነው አይደውሉ» አለች። አልሰሟትም፤ ወይም ሰምተው ተዉት። ስልኩ ብዙ ጠራ። ሁሉም ይሰማል፤ ጀላል በሁለት እጁ ጭንቅላቱን እንደያዘ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አንተ በድሩ። ያዕቁብ ነኝ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። በዚያች ሌሊት ዶክተሩ ጋ ከኔ ቀጥሎ የገባኸው አንተ ነህ አይደል? እህ። ልጆችህ ቤት ናቸው? እንግዲያው መጀመሪያ በሩን ዝጋና ቁጭ በል።»